በስምንት ወሩ ግራኝ የሚሆን ሕፃን የለም

ጥያቄ፦ ልጄ 8 ወር ሞላው። ሁለተኛ ልጄ ነው፤ ጊዜውን ጠብቆ ነው የተወለደው። ምጥ የጀመረኝ ማታ ቢሆንም ጤና ጣቢያ የደረስኩት በማግስቱ ጠዋት ነው። ሲወለድ ትንሽ ዘግየት ብሎ አለቀሰ፤ ወዲያው ጡት ያዘ፤ በማግስቱም ወደ ቤታችን ተመለስን። እስከ 5 ወሩ ምንም አላየሁበትም። አሁን ግን የሚያገኘውን ሁሉ የሚይዘው በግራ እጁ ብቻ ነው። ቀኝ እጁ አውራ ጣቱን ወደ ውስጥ አስገብቶ እንደጨበጠ ይውላል። ዳይፐር ስቀይርለት ቀኝ እግሩ ይገተርብኛል፤ ሳስቀምጠው ወደ ቀኝ ይወድቃል። አማቴ «ግራኝ ነው፤ አያቱም ግራኝ ነበሩ» ይላሉ። ጤና ጣቢያ «ሲያድግ ይስተካከላል» አሉኝ። የባለቤቴ ዘመዶች ምጥ ላይ ዘግይቼ ስለሄድኩ እኔን ይወቅሳሉ፤ ወጌሻ ጋ እንውሰደው የሚሉም አሉ። ሴሬብራል ፓልሲ የሚባለው ይሆን? ያመጣሁበት እኔ ነኝ? ይራመድልኝ ይሆን?
እናት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከግራኝነቱ እንጀምር፤ ልጁ እስካሁን ሳይታከም የቆየው በዚህ ስም ነውና። ጤነኛ ሕፃን በመጀመሪያው ዓመቱ በሁለቱም እጆቹ እኩል ይጠቀማል። አንዱን እጅ ማስበለጥ የሚጀምረው ከ18 ወር ገደማ በኋላ ነው፤ ግራኝ መሆን አለመሆኑ በደንብ የሚለየውም ሁለትና ሦስት ዓመት ሲሆነው ነው። ዓመት ሳይሞላው በአንድ እጁ ብቻ የሚጠቀም ልጅ ያንን እጅ መርጦ አይደለም፤ ሌላው እጅ አልታዘዝ ብሎት ነው። ስለዚህ «ይስተካከላል» ተብሎ የሚጠበቅ ምልክት አይደለም።

እጅ የማይታዘዘው ሁልጊዜ በአንጎል ምክንያት አይደለም። ሕፃኑ ሲወለድ ትከሻው ተይዞ ከአንገት ወደ ክንድ የሚወርዱት ነርቮች ከተጎዱም አንድ እጅ ይሰንፋል። ያ ግን ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ይታያል፤ ክንዱ የላላና የተንጠለጠለ ይሆናል፤ እግሩ ላይም ምንም የለም። የእርስዎ ልጅ እጁ የተጨበጠ ነው፤ እግሩም በዚያው በኩል ይገተራል፤ ሰውነቱም በዚያው በኩል ይወድቃል። እጅና እግር በአንድ ጎን አብረው ሲጠነክሩ፣ ማለትም ሲገተሩ፣ ጥያቄው ወደ አንጎል ይዞራል። በደብዳቤ ብቻ ሴሬብራል ፓልሲ ነው ብለን አንፈርድም። የሚያስጠረጥር መሆኑን ግን ሳንሸፋፍን እንነግርዎታለን።

ሐኪም ጋ ከመሄድዎ በፊት ቤት ውስጥ አስተውለው ቢሄዱ ብዙ ይጠቅማል። ልጁ ሳይርበውና እንቅልፉ ሳይመጣ ጀርባው ደረትዎን ተደግፎ ጭንዎ ላይ ይቀመጥ። አንድ ሰው ከፊት ለፊቱ ሆኖ የሚወደውን ዕቃ መጀመሪያ ከመሐል፣ ቀጥሎ ከቀኙ በኩል ያሳየው። ቀኙ ላይ ያለውን ዕቃ ለመያዝ ግራ እጁን በደረቱ ላይ አሻግሮ ይልካል? ግራ እጁን ለአፍታ በቀስታ ቢይዙበት ቀኙን ይዘረጋል ወይስ ይተወዋል? ቀኙን ሲዘረጋ ጣቶቹ አስቀድመው ይከፈታሉ ወይስ እንደጨበጠ ይመታዋል? ከዚያ በጀርባው አስተኝተው ሁለቱንም የእግር መዳፎች መጀመሪያ ቀስ ብለው፣ ቀጥሎ ፈጠን አድርገው ወደ ላይ ይጠፏቸው። ቀስ ሲሉ እሺ ብሎ ፈጠን ሲሉ ያዝ የሚያደርግ እግር መጠንከሩ የጡንቻ ሳይሆን የአንጎል ትእዛዝ ችግር መሆኑን ይጠቁማል። ይህን ሁሉ በስልክ ይቅረጹት፤ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ሕፃናት ነጭ ጋወን ሲያዩ ስለሚያለቅሱና ሰውነታቸውን ስለሚያጠነክሩ፣ ቤት የተቀረጸ ቪዲዮ አንዳንዴ ከምርመራው ክፍል የተሻለ ያሳያል።

«እስከ 5 ወሩ ደህና ነበር» ያሉት ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳትበት ቦታ ነው። ሴሬብራል ፓልሲ በማደግ ላይ ባለ አንጎል ላይ ከሚደርስ ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴና የሰውነት አቋም ችግር ነው። ጉዳቱ አንዴ ከደረሰ በኋላ አይሰፋም፤ ምልክቱ ግን የሚገለጠው ቀስ በቀስ ነው። የአራስ ልጅ መንፈራገጥና መጨበጥ ከአንጎል የላይኛው ቅርፊት ብዙም ትእዛዝ አይፈልግም፤ በታችኛው የአንጎል ክፍልና በሕብለ ሰረሰር ይሠራል። ከ4 ወር በኋላ ልጁ አይቶ፣ ፈልጎ፣ እጁን ሰድዶ መያዝ ሲጀምር ነው የተጎዳው ቦታ ሥራ የሚጠየቀው፤ ጉድለቱም የሚታየው ያኔ ነው። ችግሩ በዚያው ሰሞን «የመጣ» ስለሚመስል በዓይን፣ በቡዳ፣ በቅርቡ በተወጋው ክትባት ይሳበባል። ልጁ ላይ የደረሰው ግን ምናልባት ገና ማሕፀን ውስጥ ሳለ ወይም በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው።

አሁን ወደ ወቀሳው። የሕፃን አንጎል በምጥ ወቅት በኦክሲጅን እጥረት ከተጎዳ ታሪኩ ከእርስዎ ልጅ ታሪክ የተለየ ነው። እንዲህ ያለ ሕፃን ዝልፍልፍ ብሎ ይወለዳል፤ አይተነፍስም፤ አዋላጅዋ በጭንብልና በፓምፕ አየር ትሰጠዋለች። ትንፋሹን፣ የልብ ምቱን፣ የቆዳውን መልክ፣ የጡንቻውን ጥንካሬና ለንክኪ የሚሰጠውን ምላሽ ከ10 የሚለካው የአፕጋር ነጥቡ በ5ኛውም በ10ኛውም ደቂቃ ዝቅተኛ ይሆናል። በቀጣዮቹ አንድ ሁለት ቀናትም ይፈዛል፣ ጡት መሳብ ያቅተዋል፣ ብዙ ጊዜም ያንቀጠቅጠዋል። ወዲያው ጡት ይዞ በማግስቱ ቤቱ የገባ ሕፃን በዚህ አላለፈም። ሌላም ማስረጃ አለ፤ ጊዜውን ጠብቆ በተወለደ ልጅ ላይ የኦክሲጅን እጥረት የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም የአንጎል ጎኖች ነው። ውጤቱም አራቱም እጅና እግር መጠንከር ወይም ከፈቃድ ውጭ የሚጠማዘዝ እንቅስቃሴ ነው። አንድ ጎን ብቻ ሲሆን ከዚህ ይልቅ በብዛት የሚገኘው በመወለጃው ሰሞን የሚደርስ ስትሮክ፣ ማለትም አንዱን የአንጎል የደም ሥር የረጋ ደም ሲዘጋው ነው። የግራው አንጎል የቀኙን አካል ስለሚያዝ ጉዳቱ ግራ ላይ ሆኖ ምልክቱ ቀኝ ይወጣል። የረጋው ደም አንዳንዴ ከእንግዴ ልጁ እንደሚነሳ ይታሰባል፤ በብዙዎቹ ግን መነሻው በትክክል አይታወቅም። ሥራ ስለሠሩ፣ በጎን ስለተኙ፣ ስለተቆጡ ወይም ያማረዎትን ስላልበሉ አይመጣም። ካርዱ ላይ የአፕጋር ነጥቡ ከተጻፈ ለሐኪሙ ያሳዩት፤ ለሚወቅስዎትም ዘመድ ከዚህ የተሻለ መልስ የለም።

ምጥን መውቀስ አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሊትል እ.ኤ.አ. በ1861 የእነዚህን ልጆች ችግር ከአስቸጋሪ ወሊድ ጋር አያይዞ ጻፈ፤ በሽታውም ለረጅም ጊዜ በእሱ ስም ተጠራ። ኦስትሪያዊው ሲግመንድ ፍሮይድ በሥነ ልቦና ከመታወቁ በፊት የነርቭ ሐኪም ነበርና እ.ኤ.አ. በ1897 አስቸጋሪው ወሊድ ራሱ ቀድሞ ማሕፀን ውስጥ የነበረ ችግር ምልክት ሊሆን ይችላል ሲል ተከራከረ። ሰሚ ያገኘው ግን ከስንት አሥርት ዓመታት በኋላ ነው።

ምጥ ላይ መዘግየት ምንም አያመጣም ማለታችን አይደለም። ሳይተነፍሱ የሚወለዱ ሕፃናት በአገራችን ብዙ ናቸው፤ በመጀመሪያዋ አንድ ደቂቃ ውስጥ አየር የሚሰጣቸው የሠለጠነ ሰው ካላገኙ መዘዙ ከባድ ነው። ለሚቀጥለው እርግዝና ምጥ እንደጀመረ መሄድ ነው።

መከላከል የሚቻሉ ሌሎች መንስኤዎችም አሉ። አንደኛው የአራስ ቢጫነት ነው። ሕፃኑ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢጫ ከሆነ፣ ወይም ቢጫነቱ መዳፉና የእግሩ ውስጥ ከደረሰ፣ ወይም ቢጫ ሆኖ ከፈዘዘና አልጠባም ካለ ወደ ሆስፒታል ነው የሚወሰደው። የጠዋት ፀሐይ ማሞቅ ሆስፒታል ያለውን ሰማያዊ የብርሃን ሕክምና አይተካም። ቢጫ ያደረገው ንጥረ ነገር ወደ አንጎል ከገባ የመስማት ችግርና የሚጠማዘዝ እንቅስቃሴ ጥሎ ይሄዳል። ሁለተኛው ያለጊዜው መወለድ ነው። በተለይ ከ32 ሳምንት በፊት የተወለዱ ሕፃናት ላይ ጉዳቱ የሚደርሰው በአንጎል ውስጥ ባሉት የፈሳሽ ጓዳዎች ዙሪያ ነው፤ ወደ እግር የሚወርዱት የነርቭ መስመሮች በዚያ አጠገብ ስለሚያልፉ ከእጅ ይልቅ ሁለቱ እግሮች ይጠነክራሉ። ከ32 ሳምንት በፊት ልትወልድ የተቃረበች እናት ማግኒዚየም ሰልፌት ብትወጋ የልጇን አንጎል ይጠብቃል። ከወሊድ በኋላ ደግሞ ማጅራት ገትር፣ አንጎል ውስጥ የገባ ወባና የጭንቅላት አደጋ አሉ።

ምልክቱ የእርስዎን ልጅ የማይመስል ሌላ ወላጅ ይህን ሊያነብ ስለሚችል ጥቂት እንጨምር። ሕፃን በ4 ወሩ አንገቱ ካልጸና፣ ከ4 ወር በኋላ እጆቹ ሁልጊዜ እንደተጨበጡ ከሆኑ፣ ዳይፐር ሲቀየር እግሮቹ እንደ መቀስ ከተጠላለፉ፣ ሲያቅፉት ወደ ኋላ እየተወጠረ ከተለጠጠ ወይም በተቃራኒው እንደ ጨርቅ ከላላ፣ ሲጠባ ቶሎ ቶሎ የሚታነቅ ከሆነ፣ በ9 ወሩ ያለ ድጋፍ ካልተቀመጠ፣ በ18 ወሩ ካልተራመደ ይመርመር። ያለጊዜው የተወለደ ልጅ ዕድሜው ተስተካክሎ ነው የሚቆጠረው፤ በ32 ሳምንት የተወለደ ልጅ 6 ወር ሲሞላው የሚጠበቅበት የ4 ወር ልጅ ሥራ ነው። የአንድ ጎን ስንፍና ግን በዚህ ስሌት አይታለፍም። የግራና የቀኝ ልዩነት በማንኛውም ዕድሜ ምርመራ ይፈልጋል።

መራመድ የዘገየ ሁሉ ሴሬብራል ፓልሲ የለበትም። በእኛ አገር ልጅን ከፀሐይ ደብቆ በማሳደግ የሚመጣው ሪኬትስ በጣም የተለመደ ነው፤ ልጁ ላላ ይላል፣ መቀመጥና መቆም ይዘገያል፣ የእጁ አንጓ ያብጣል፣ ሲቆም እግሩ ይጎብጣል። ቫይታሚን ዲ ሲሰጠው ይድናል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ይችል የነበረውን የሚተው ልጅ ነው፤ ተቀምጦ የነበረ መቀመጥ ካቃተው፣ ያወራ የነበረ ዝም ካለ ያ ሴሬብራል ፓልሲ ስላልሆነ በአስቸኳይ ሌላ ምክንያት ይፈለግ።

በዚህ ሳምንት የሚያደርጉት ይኸውልዎ። የክትባትና የወሊድ ካርዱን፣ ቪዲዮውንም ይዘው በከተማችሁ ሆስፒታል የሕፃናት ሐኪም ጋ ይሂዱ። «ዘግይቷል» ብለው አይጀምሩ፤ «ቀኝ እጁን አይጠቀምም፣ ቀኝ እግሩም ይገተራል» ይበሉ፤ የመጀመሪያው አረፍተ ነገር ወደ «ይጠበቅ»፣ ሁለተኛው ወደ ምርመራ ይወስዳልና። ሐመርስሚዝ የሚባል የሕፃናት የነርቭ ምርመራ አለ፤ 26 ነጥቦችን የሚያይ፣ መሣሪያ የማይፈልግ፣ ከ10 ደቂቃ የማያልፍ ነው። እንዲሠራለት ይጠይቁ። የጭንቅላቱ ዙሪያ ይለካ፤ ዓይኑና ጆሮውም ይታዩ፤ እንዲህ ያሉ ልጆች በተጎዳው ጎን ያለውን ዕቃ ላያዩት ይችላሉ። ጉዳቱን በደንብ የሚያሳየው ኤምአርአይ የሚባለው በመግነጢስ የሚነሳ የአንጎል ምስል ነው፤ በዚህ ዕድሜ ልጁ በማስተኛ መድኃኒት መተኛት አለበት። ርግብግቢቱ ላይ የሚደረገው አልትራሳውንድ የዳር ጉዳትን ሊስት ይችላል፤ ሲቲ ስካን ደግሞ ጨረር አለው፤ የግድ ሲሆን እንጂ መጀመሪያ አይመረጥም። ኤምአርአይ ደህና መሆኑም ሴሬብራል ፓልሲ የለም ማለት አይደለም፤ ከ10 ልጆች በአንዱ ገደማ ምንም አያሳይም። ወደ አዲስ አበባ ከተላኩ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሕፃናት ነርቭ ክትትል አለ። ወረፋው ቢረዝምም ፊዚዮቴራፒው (በእንቅስቃሴ የሚሰጠው ሕክምና) ኤምአርአዩን አይጠብቅ፤ ምስሉ ወጣም አልወጣም የሚሠራው እንቅስቃሴ ያው ነው።

የምንቸኩለው አንጎሉ አሁን መስመር እየዘረጋ ስለሆነ ነው። የማይሠራበት እጅ መስመሩን ለሚሠራበት እየለቀቀ ይሄዳል። ስለዚህ ፊዚዮቴራፒስቱ አይቶ ካሳየዎት በኋላ ግራ እጁ ላይ ለስላሳ ካልሲ አጥልቀው ቀኙን ያጫውቱት። በሕፃናት ላይ የተሞከረው መጠን በቀን 30 ደቂቃ፣ በሳምንት 6 ቀን፣ ለ6 ሳምንት ነው፤ ከዚያ 6 ሳምንት ዕረፍት፣ ከዚያ እንደገና 6 ሳምንት። ሠላሳውን ደቂቃ ከሁለት ወይም ከሦስት መክፈል ይቻላል። ካለቀሰ ካልሲውን ያውልቁለት። ግራ እጁን ማሰር ወይም ቀኑን ሙሉ መሸፈን ግን ነውር ነው፤ ደህናው እጅም ገና እየተማረ ነው።

የሚሰጡት ዕቃ ቀላልና ለመያዝ የሚመች ይሁን፦ የፕላስቲክ አምባር፣ ጨርቅ የተጠቀለለበት የእንጨት ማንኪያ፣ ክዳኑ በፕላስተር ተጠቅልሎ የታሸገና ጥቂት በቆሎ የገባበት የውኃ ጠርሙስ። መጀመሪያ ቢነካው ወይም ቢመታው ይበቃል፤ እንዲሳካለት ያቅርቡለት። የተጨበጠውን እጅ ለመክፈት ጣቶቹን ከጫፋቸው አይጎትቱ፤ ያኔ የበለጠ ይጨብጣል። አንጓውን ወደ ታች አጠፍ ያድርጉት፤ ጣቶቹ ራሳቸው ይላላሉ። ያኔ አውራ ጣቱን ከሥሩ ይዘው ያውጡት። ካልሲው በማይኖርበት ሰዓት ሁለት እጅ የሚፈልግ ነገር ይስጡት፤ ትልቅ ኳስ፣ የድስት ክዳን። ሲያወሩትም ሲያጎርሱትም በቀኙ ይሁኑ።

በሆዱ ማስተኛትም አይቅር፤ ንቁ ሲሆን ደረቱ ሥር የተጠቀለለ ነጠላ አድርገው ሁለቱንም ክንዶች ወደ ፊት አውጥተው 5 ደቂቃ፣ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ። አንቀልባ ጥሩ ነው፤ እግሮቹን ከፍቶ ስለሚያስቀምጥ ለዳሌው ይመቸዋል፤ ቀኝ ክንዱ ብቻ ከሥር ታፍኖ እንዳይቀር። ጎማ ያለውን መራመጃ አይግዙ፤ በጣቱ ጫፍ እንዲገፋ ያስለምደዋል፤ ጠንካራው ቁርጭምጭሚትም የበለጠ ያጥራል።

ወጌሻው ስብራትና ውልቃት ያውቅ ይሆናል፤ እዚህ ግን የተሰበረም የወለቀም የለም። በኃይል የተጎተተ ጡንቻ መልሶ የበለጠ ይጠነክራል፤ ሕፃኑ ይታመማል፤ ለጋ አጥንትም ይሰበራል። እቤት በቅቤ ወይም በቅባት በቀስታ ማሸት አይጎዳውም፤ ሕክምና ነው ብለው ግን አይመኑበት። ጸበል የቤተሰቡ እምነት ከሆነ ማንም አይከለክላችሁም። ልጁ በብርድ እንዳይጠመቅ፣ ምግብ እንዳይከለከል፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ከተጀመረለትም አንድ ቀን እንኳ እንዳይቋረጥ እንጂ።

ይራመዳል ወይ ላሉት፣ ጉዳቱ በአንድ ጎን ከሆነ መልሳችን ደስ የሚል ነው። እንዲህ ካሉ ልጆች ከሞላ ጎደል ሁሉም ይራመዳሉ፤ አንዳንዱ እንደ እኩዮቹ፣ አንዳንዱ በሁለት ዓመቱ ገደማ። እግሩ በጣት ጫፍ የመርገጥ ጠባይ ካሳየ የቁርጭምጭሚት ድጋፍ ጫማ ይታዘዝለታል፤ አንዳንዴም ጡንቻን የሚያላላ የቦቱሊነም መርፌ። የበለጠ የሚያስቸግረው እጁ ነው፤ ቀኝ እጁ ደጋፊ እጅ ሆኖ ይቀር ይሆናል፤ ይህም ጠርሙስ ለመያዝና ደብተር ለመደገፍ ይበቃል። ትምህርት ቤትም ከሠፈር ልጆች ጋር ይገባል።

የምንፈራው አንድ ነገር የሚጥል በሽታን ነው፤ በዚህ ዓይነቱ ከሌሎቹ ልጆች ይበዛል። አሁን ባለበት ዕድሜ በተለይ ከእንቅልፍ ሲነቃ እየደጋገመ አንገቱን ደፋ፣ ክንዶቹን ዘርጋ የሚያደርግ፣ ጥቂት ሴኮንድ ቆይቶ እንደገና የሚመጣ መወራጨት ካዩ፣ ቁርጠት ነው ብለው እንዳይተዉት፤ ቀርጸው በዚያው ቀን ሆስፒታል ይውሰዱት። ካንቀጠቀጠው በጎኑ ያስተኙት፤ አፉ ውስጥ ምንም አይክተቱ፤ ክብሪት አያሽትቱት፤ ሰዓት ይያዙ፤ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ሩጡ።

በሚቀጥለው ወር የ9 ወር የኩፍኝ ክትባት አለው፤ በዚህ ሰበብ አይቅር። ኩፍኝ ራሱ አንጎል ሊጎዳ ይችላል። የሕፃናት ሐኪሙን እስከዚያ ካላገኙ፣ ክትባቱን ሲያስወጉ ቪዲዮውን ለባለሙያዋ አሳይተው የሪፈር ወረቀት ሳይዙ አይውጡ።